የሞላና የደምሌ ተጠየቅ

ካሣነሽ የዚያን ቀን ጠላ አልቀመሰችም። ልቧ ከጠላው ይልቅ ለሚነገረው ነገር ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ ጽዋው ወደ እሷ ሲደርስ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ለቀጣዩ አሳለፈችው። ያየኝ ሰው አለ ብላም አላሰበችም። በኋላ ግን ንፋስ መውጫ ድረስ በእግሯ ያስኬዳት፣ ዳኛ ፊትም ያቆማት ይኸው ጠላ አለመቅመሷ ሆነ።

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል፣ ቦታው ከቤተ ልሔም ደብር ብዙም በማይርቅ መንደር፣ የማኅበሩ ተረኛ የገብሬ ቤት ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ሰው ሁሉ ከአጨዳ ወገቡን አቅንቶ ለመሳቅ የተዘጋጀበት ወራት ነው። ለመሳቅ ያልተዘጋጀች ካሣነሽ ብቻ ነበረች። እሷ የመጣችው ክፉ ነገር እንዳይነገር ልትጠብቅ ነው፤ ቢነገር ምን እንደምታደርግ ግን አላሰበችበትም።

ታናሽ ወንድሟ ሞላና ከወንዝ ማዶ የሚኖረው ደምሌ በአገሩ የታወቁ ቀልደኞች ናቸው። ሠርግ ይሁን ማኅበር፣ እነሱ ተነሥተው ካልተጠያየቁ ሰው በልቼ ጠጣሁ አይልም። ጨዋታቸው የጥንቱን የሙግት ሥርዓት መኮረጅ ነው። ጋቢያቸውን እንደ ተሟጋች አጣፍተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጠያቂው ዘንጉን መሬት ላይ መታ አድርጎ "ተጠየቅ" ይላል፤ ተጠያቂው "ልጠየቅ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጌታና ሎሌ፣ ታላቅና ታናሽ የሚባል ነገር የለም።

አንዱ፣ አምና በሬህ ታሞ ሳለ መሬትህን ማን አረሰልህ ብሎ ይጠይቃል። ሌላው፣ ድንበርተኛዬ አረሰልኝ ይላል። ድንበርተኛህ ምን አንጀቱን ብትበላው ነው ሲባል፣ መሬቱ የኔ መሆኑን ከረሳው ቆይቷል ብሎ ይመልሳል። ዓርብ ቀን ሥጋ ስትበላ ያየህ ሰው አለ ሲባልም፣ ያየኝ ሰው ያን ጊዜ አፉ ሙሉ ስለ ነበር ምስክርነቱ አይያዝም ይላል። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

አስቀድመው አይመካከሩም። ይህ የጨዋታቸው ሕግ ነው። ጥያቄው ትኩስ ካልሆነ ሳቁም አይሞቅም ብለው፣ ከጨዋታ ውጭ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል ተባብለው ይለያያሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠያየቁ አንዱ የሌላውን መደብ አሙቆ ተቀምጦ አያውቅም።

አሁን ግን በጋብቻ ሊዛመዱ ነው። የካሣነሽ የልጅ ልጅ ውብነሽ በመጪው ጥር የደምሌን ልጅ ታፈረን ታገባለች። ውብነሽ እናቷን በወሊድ አጥታለች፤ አባቷ አያሌው፣ የካሣነሽ አንድያ ልጅ፣ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ካሣነሽ ከዚህች ልጅ በቀር ዓለም የላትም። የመሪጌታ ልጅ ስለ ነበረች በልጅነቷ ፊደል ቆጥራ ዳዊት ደግማለች፤ ያችኑ የምታውቀውን ለልጅቱ አስተማረቻት። ውብነሽ ደግሞ ታፈረን አልጠላችውም። ስሙ ሲነሣ መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን ታጣጥፋለች። የታጠፈውን ትፈታና እንደገና ታጥፋለች።

የጋብቻው ቀን ከተቆረጠ ወዲህ የሁለቱ ሰዎች ቀልድ ጠባዩ ተለወጠ። በግንቦት እስቴ ወርደው መካነ ኢየሱስ አጠገብ በተደረገ ሠርግ ላይ ደምሌ ጠይቆት ሞላ መልሱን አዘገየ፤ ሲመልስም ፊቱ አልሳቀም። ደምሌም የፌዝ ይሁን የንዴት ያልለየ ሳቅ ሳቀ። እንግዳው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲከራከር ሄደ፤ ገሚሱ ተቃቅረዋል አለ፣ ገሚሱ ሆን ብለው ነው አለ። ማሚቴ የምትባለው የካሣነሽ ጎረቤትማ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይዛት፣ እነዚህ ሰዎች ካልታረቁ ልጅሽን የት ልትድሪያት ነው ብላ ቅዳሴውን አስረሳቻት።

ካሣነሽ ሞላን ጠየቀችው። እህል ሲያበጥር አገኘችው፤ ቀና እንኳ አላለም።

"ጨዋታ ነው እትዬ። በኔ በኩል ጨዋታ ነው። የሱን እንጃ።"

ወንዙን ተሻግራ ደምሌን ጠየቀችው። እሱም በትሕትና ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በሱ በኩል ጨዋታ መሆኑን፣ ሞላ ምን እንደሚያስብ ግን ራሱን ሞላን ቢጠይቁት እንደሚሻል ነገራት። ተመልሳ ሞላን ጠየቀች። ሞላ፣ እንዲህ አለ እንዴ፣ ብሎ ፊቱን ወደ እህሉ መለሰ። ሁለት በዕድሜ የጠኑ ሰዎች እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከወዲህ ወዲያ ሲያመላልሷት ከረሙ፤ ዳገቱን ወጣች ወረደች እንጂ ልቧ አላረፈም። ምርር ያላት ግን ይህ አልነበረም። አማት በድግስ ላይ የተናገረው ቀልድ ድግሱ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ ቤት ይገባል፣ ከምራቲቱ ጋር ይኖራል። የሚስቁት ሰዎች ይህን አያውቁም ወይስ እያወቁ ነው የሚስቁት?

በዚያ የሚካኤል ዕለት የመጠየቅ ተራው የደምሌ ነበር። አጀማመሩ ደኅና ነበር። ሰዉ ሞቅ ሲለው ግን ደምሌ ዘንጉን መታ አደረገ።

"ተጠየቅ። ሙሽራይቱ ዳዊት ትደግማለች ይባላል። እውነት ነው?"

"ልጠየቅ። እውነት ነው።"

"እንግዲያ ለልጄ የሰጠኸው ሚስት ነው ወይስ የኔታ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ካሣነሽ ጆሮዋ ጋለ።

"እኔ ራቴን ስጠይቅ 'ብፁዕ ብእሲ' ብላ ዳዊቷን ብትጀምርልኝ ምን ልበላ ነው?" አለ ደምሌ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ አንገቱን ወደ ሞላ አሰገገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተጠየቅ። ፊደል ያልቆጠረ አማት ቤት፣ ዳዊት የምትደግም ምራት ገብታ ምን ትሠራለች?"

ሞላ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ወደ ምሰሶው ሄደ፤ አፉን ዘጋ። በዚያ በኅዳር ብርድ ግንባሩ ላብ ማውጣቱን ካሣነሽ ከተቀመጠችበት አየች። ደምሌ አንድ እርምጃ ተጠግቶ፣ ምን ትሠራለች ብሎ ደገመ።

"በንጉሥ አምላክ፣ ልጅቱን አታንሣ" አለ ሞላ።

በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው የሚሸሽ ሌባ እንኳ ቢሆን ባለበት ይቆማል። ያን ቃል ሰምቶ መራመድ ንጉሡን መድፈር ነው፤ ቃሉን ለዋዛ ከአፍ ማውጣትም እንዲሁ ድፍረት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጋይንት የለም። ደምሌም ያውቃል። ግን ተጠየቅ ላይ ነበርና ቃሉን የጨዋታው አንድ ወገን አድርጎ ወሰደው፤ ወደ ሰዉ ዞሮ እጅ ነሣና፣ ንጉሡም ራታቸውን ይጠይቁ እንደሆን ምን ትላቸዋለች ብሎ ቀጠለ። ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ያልሳቁት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ካሣነሽና ግራዝማች ወልደ ሰንበት። ግራዝማች የአጥቢያው ዳኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ምናልባት ሥቀው ይሆናል፤ ያየ ግን የለም። ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"ቃሉ ወጥቷል" አሉ።

ሰዉ ግራዝማችም ጨዋታው ውስጥ ገቡ ብሎ ደስታውን አልቻለውም። ይህ የባሰ አስቆጣቸው። ተነሥተው ነገሩን አስረዱ። የሞላ ቃል የምር ከሆነ፣ ደምሌ የንጉሥ ስም ተጠርቶበት አልቆመምና ይታሰራል። የሞላ ቃል ጨዋታ ከሆነ፣ ሞላ የንጉሥን ስም ለቀልድ ጠርቷልና ይታሰራል። የትኛው እንደ ሆነ ንፋስ መውጫ ያሉት የወረዳው ዳኛ ይወቁት እንጂ ለሳቸው ከሥልጣናቸው በላይ ነው። እስከዚያው በቁራኛ ይታሰሩ አሉ። ቁራኛ ማለት የከሳሽንና የተከሳሽን ጋቢ ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ አንድ ላይ መስደድ ነው። አንድ ሰው ከወደ በሩ፣ ቁራኛ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬ ፖሊስ አለ ቢል፣ ግራዝማች በኔ አጥቢያ አልቀረም ብለው በገዛ እጃቸው ቋጠሩት።

ዋስ ካለ ይፈታሉ ተባለ። ዋስ የለም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ካንድ ጥግ፣ ከግራዝማች በቅሎ በቀር የሚዋሳቸው የለም የሚል ድምፅ መጣ፤ ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ካሣነሽ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ተነሥታ፣ እኔ እዋሳለሁ፣ ኧረ የምር ነው፣ አስተውሉ እንጂ ብላ ለመነች። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው፣ እሷም ገባችበት፣ እሷም ቻለችበት ተባባሉ።

"እመት ካሣነሽ፣ እርስዎ የአንዱ እህት የሌላው አማች ነዎት፤ ለማን ሊያደሉ ነው? ዋስ አይሆኑም" አሉ ግራዝማች። "ምስክር ግን ያሻኛል። ጽዋው ሲዞር አይቻለሁ። ከዚህ ቤት ጠላ ያልቀመሱ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ እንደ ተቋጠሩ በግራዝማች ጎተራ ሥር አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ መንገድ ተጀመረ። ካሣነሽ ልጅቱን ዘርፌ ለምትባል ጎረቤቷ አደራ ሰጠች። ውብነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻት። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

"እማዬ፣ ዳዊቱ ነው ያጣላቸው? ከሆነ ልተወው። አላውቅም ብዬ እቀመጣለሁ።"

ካሣነሽ መልስ ብትሰጣት ራሷ ታለቅስ ነበር፤ ማልቀስ ደግሞ ለመንገድ አይበጅም። ብቻ ያን ቃል እንደ ስንቅ ይዛው ሄደች።

ግራዝማች በበቅሎ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ይከተላሉ፤ ካሣነሽ ከኋላ። መንገዱ ላይ ገበያተኛ በዝቷል። ሰዎቹ ተቋጥረው ሲሄዱ ያያቸው ሁሉ ያውቃቸዋልና አህያውን አቁሞ ተጠየቅ በሉ ይላል። እነሱም የቆመ ሰው ካዩ አያስችላቸውም። ወንዝ ሲሻገሩ ደምሌ፣ ጋቢዬን አርጥበህ በብርድ ልትገድለኝ ነው አለ። ሞላ፣ አንተ ከሞትክ ሬሳ እየጎተትሁ ንፋስ መውጫ መግባቴ ነው፣ ግራዝማች ቃሉ ወጥቷል ብለው አይፈቱኝም አለ። ገበያተኛው እየሳቀ አለፈ።

ካሣነሽ ሁለቱን በጥፊ ማለት አማራት። ትልቁ ጭንቀቷ ግን ገበያተኛው ካለፈ በኋላ መጣ። ሰው ሲጠፋ ሁለቱ መሬት እያዩ ይሄዳሉ። እየተሳደቡ ቢሆን ጠብ ነው ትል ነበር፤ ሰዉን እንዴት እንዳሳቁት ሲያወሩ ብትሰማ እፎይ ትል ነበር። እነሱ ግን አንድ ቃል አይለዋወጡም። ጋቢው ሲወጠር አንዱ ቆም ይላል፣ ሌላው ይደርሳል፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚባባሉት ያለ ተመልካች የላቸውም ማለት ነው?

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር አረፉ። ግራዝማች በቅሏቸውን ሊያጠጡ ወደ ምንጩ ወረዱ። ካሣነሽ ዕድሉን ያዘች። ጭብጦ ቆርሳ ሰጥታቸው በመለመን ጀመረች። ዳኛ ፊት ሳንደርስ እውነቱን ንገሩኝ፣ የምር ነው ወይስ ጨዋታ ነው አለቻቸው።

"በኔ በኩል ጨዋታ ነው እመይቴ" አለ ደምሌ።

"በኔም በኩል" አለ ሞላ።

እንደ ከብት ያኝካሉ። ካሣነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። የደምሌን ዘንግ ከጎኑ መንጭቃ ተነሣችና መሬቱን መታችው።

"ተጠየቅ" አለች።

"ልጠየቅ" አሉ ሁለቱም፣ ባንድ አፍ። የተማከሩበት አይደለም፤ አፋቸው ለምዶ ነው። ደምሌ ጭብጦውን አስቀመጠ፤ ሞላ ጋቢውን አስተካከለ።

ለወትሮው ደምሌን አንቱ ነበር የምትለው። በተጠየቅ ግን አንቱታ የለም።

"አንተ ደምሌ፣ የልጄን ዳዊት መድገም ንቀኸዋል?"

ደምሌ ዘንግ የለመደ እጁ የሚይዘው አጣ። "ልጠየቅ። አልናቅሁም። ፈርቻለሁ።"

"ምን ፈራህ?"

"ከቤቴ ፊደል የሚያውቅ የለም። ልጄም አያውቅ። መጥታ እንዴት ነው የምታየን? እሷ ሳትስቅብን በፊት ቀድሜ በራሴ ላሥቅ ብዬ ነው።"

"ያሣቅኸው በልጅቱ ነው።"

"የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ አላሉትም ማለት ነው እመይቴ። 'ፊደል ያልቆጠረ አማት' ብዬ አንገቴን ሰጠሁት እኮ። አማቷን ፊደል ታስቆጥራለች ቢል አለቀ፤ ሰው በኔ ይስቅ ነበር፣ ልጅቱም ከብራ ትወጣ ነበር። እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው። ጠያቂ አንገቱን ይሰጣል፣ መላሽ ይመታል። እሱ ግን በመምታት ፈንታ ንጉሥ ጠራብኝ።" ወደ ሞላ ዞረ። "ምን በደልሁህ?"

በዚያ ሁሉ ዓመት አንዱ ሌላውን ያለ ቀልድ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሞላ ቋጠሮውን ያያል። ካሣነሽ ዘንጉን ደግማ መታች።

"ልጠየቅ" አለ ሞላ። "መልሱ ጠፋኝ።"

"የቱ መልስ?"

"የቱም። ፊት ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ምላሴ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ከግንቦት ወዲህ ዞር ብዬ ስፈልገው ባዶ ቤት ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እሱ ዘንግ ይዞ ይጠጋኛል። የማደርገው ባጣ ንጉሥን ጠራሁ።" ወደ ምንጩ ዞር ብሎ አየና፣ "ይህ ነገር ከዚህ ወይራ ሥር አይውጣ እትዬ። መልስ የጠፋው ቀልደኛ ከምባል መታሰሩ ይሻለኛል" አላት።

ካሣነሽ እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። መሐላ አልነበረም፤ መነቅነቅ ብቻ ነበር። ዘንጉን ለደምሌ መለሰችለት። ያን ሁሉ ወር እንቅልፍ የነሣት፣ ዳገት ቁልቁለት ያመላለሳት ነገር ይኸው ነው፤ አንዱ ፈርቶ አንዱ ረስቶ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ንዴቱ ቀደመ፤ ግራዝማች በቅሏቸውን እየሳቡ እስኪመለሱ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች።

ንፋስ መውጫ ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላለች። ዳኛው ገና ከችሎት አልተነሡም፤ በሩ ላይም ወሬ ቀድሟቸው ሰው ተሰብስቧል። ግራዝማች ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ዳኛው ሁለቱን አይተው፣ ቋጠሮውን አይተው፣ ያ ቃል የምር ነበር ወይስ ጨዋታ ብለው ጠየቁ።

"ጨዋታ ነበር ጌታዬ፤ ስለዚህ የምታሰረው እኔ ነኝ" አለ ሞላ።

ደምሌ ጋቢውን ሳብ አደረገ። "ውሸቱን ነው ጌታዬ። የምር ነበር። ሰምቼ ነው ያልቆምሁት፤ የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"አልሰማም" አለ ሞላ መልሶ እየሳበ።

"እኔ ልስማ አልስማ አንተ በየት አወቅህ?"

አልተመካከሩም፤ ይህንን ካሣነሽ ትምልበታለች። አንዱ ለሌላው ሊታሰር ይጓተታል፤ የሚጓተቱት ግን እንደ ለመዱት ነው፣ ሰውም እንደ ለመደው ሳቀ። ከደጅ አንዱ ተጠየቅ በሉ አለ። የዳኛው ፊት ጠቆረ። ችሎቱን መጫወቻ አደረጋችሁት አሉ፤ ሁለቱም እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይታሰሩ አሉ።

ካሣነሽ ወራቱን በልቧ ቆጠረች። ጥር አለፈ ማለት ነው። የሙሽራው አባት እስር ቤት፣ ሙሽራይቱን የሚድረው አጎት እስር ቤት፣ ሰበቡም የልጅቱ ዳዊት። ያች ልጅ አላውቅም ብዬ እቀመጣለሁ እንዳለችው ዕድሜዋን ሙሉ ታደርገዋለች።

"ጌታዬ፣ ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ገና አልተጠየቅሁም" አለች።

ዳኛው ተናገሪ አሏት። ሞላ አያት፤ ራሱን በጥቂቱ፣ በጥቂቱ ብቻ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የታቀፈችው ነው። ዓይኗን ከሱ ላይ አነሣች።

"የምርም አልነበረም፤ ጨዋታም አልነበረም። መልስ ጠፍቶት ነው።"

የሳቀ የለም። በር ላይ ተጠየቅ በሉ ያለው ሰውዬ እንኳ አልሳቀም። ዳኛው ሞላን፣ እውነቷን ነው ወይ አሉት። ሞላ ዓይኑን ከቋጠሮው ሳያነሣ መለሰ።

"እውነቷን ነው ጌታዬ። መልስ ጠፋኝ።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እዚህ የሚቆም ሰው ሁሉ መልስ ሲጠፋው አንድ ትልቅ ስም ይጠራል፤ ሁሉንም ባስር ወህኒው አይበቃኝም አሉ። ከዚያ ፈረዱ። ሁለቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሁን፤ ከእንግዲህ በጨዋታቸው የንጉሥ ስም ቢሰማ የሚታሰረው ተናጋሪው ሳይሆን ዋሱ ነው። ግራዝማች ቅር እያላቸው ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢሞክሩ የወንዙ ውኃ አጥብቆት እምቢ አላቸው። ካሣነሽ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው።

ሞላ እህቱን ኰረፈ። በመልሱ መንገድ ደምሌ ብቻ ለሦስቱም አወራ። ከዚያ በኋላም ለሠርጉ ዳሱን ሊጥል፣ ፍሪዳውን ሊያቀርብ ይመጣል፤ የሚናገራት ግን በሰው በኩል ነው። ለእህቴ ንገሯት ይላል፣ እሷ አጠገቡ ቆማ። ካሣነሽም፣ ሰምቻለሁ በሉት ትላለች።

ጥር ገባ። ሙሽራው ከነአባቱ፣ ከነሚዜዎቹ መጣ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ከዚያ ሰው ተጠየቅ፣ ተጠየቅ ማለት ጀመረ። የንፋስ መውጫው ነገር አገሩን አዳርሶታል፤ መልስ የጠፋውን ሰው ለማየት ከሩቅ የመጣ ሁሉ ነበር። ካሣነሽ ከዳሱ በስተኋላ እየዞረች፣ ዛሬ ይቅር፣ ስለ ልጅቱ ብላችሁ ይቅር ብላ ያገኘችውን ሁሉ ለመነች። የሰማት የለም። ደምሌ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። ሞላም ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ተጠየቅ" አለ ደምሌ።

"ልጠየቅ።"

"ፊደል ያልቆጠረ አማት ቤት፣ ዳዊት የምትደግም ምራት ገብታ ምን ትሠራለች?"

ያንኑ ጥያቄ። ካሣነሽ የያዘችውን ወጭት እንደ ያዘች ቀረች። ሞላ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ወደ ዳሱ ምሰሶ ሄደ። ደምሌ እንደ ባለፈው አልተጠጋም፤ አንገቱን አሰግጎ፣ ዘንጉን ተደግፎ፣ ባለበት ጠበቀ። የውብነሽ እጅ ከመጋረጃዋ ሥር ነጠላዋን ማጣጠፉን አቆመ። አንድ ሰው አሳለ። ሞላ አሁንም ምሰሶውን ያያል። ካሣነሽ፣ ሚካኤል ሆይ፣ አንዲት ቃል ስጠው አለች በሆዷ።

"'ሀ በል' ትለዋለች" አለ ሞላ።

"እሱስ ምን ይላል?"

"'መጀመሪያ ራቴን' ይላል።"

"ራቱንስ ትሰጠዋለች?"

"ፊደሉን እስኪጨርስ ጾሙን ያድራል።"

ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ደምሌ ራሱ ዘንጉን ጥሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ታፈረም ሙሽራነቱን ረስቶ ሳቀ። ከመጋረጃው ሥር የውብነሽ ትከሻ ሲርገበገብ ካሣነሽ አየች፤ መጀመሪያ ለቅሶ መስሏት ደነገጠች፤ ልጅቱ የምትስቀው ከልቧ ነበር።

ሞላ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ሄዳ ወጭቱን ፊቱ አስቀመጠች፤ አጠገቡም ቁጢጥ አለች። በኅዳር ከተኳረፉ ወዲህ በቀጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

"ሞላ። መልሱ ጠፍቶህ ነበር ወይስ ሆን ብለህ ነው ያቆየኸው?"

ሞላ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ።

"ጨዋታ ነው እትዬ" አላት። "በኔ በኩል ጨዋታ ነው።"

ካሣነሽ አንጀቷ እያረረ ግንባሩን አየችው። ላብ አለበት። ግን ዳሱ ውስጥ ያን ሰዓት ላብ ያላላበው ሰው አልነበረም።